ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኛዬ ጋር እየተከራከርን ነው፦ የሞተር ብስክሌት ውድድር ቡድኑ ቴክ 3 የያማሃ ነው ወይስ የኬቲኤም?
የሁለቱም አይደለም። ቴክ 3 ኤርቬ ፖንሻራል ከአጋሮቹ ጋር በ1990 ፈረንሳይ ውስጥ የመሠረተው የግል ቡድን ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን ከአምራቾች ይወስዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኛህ ጋር ስትከራከሩ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል፦ እስከ 2018 ያማሃ፣ ከ2019 ጀምሮ ኬቲኤም።

ታላቁ ቀኑ ግን የ2000ው ነው። ከዋናው ምድብ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የ250 ሲሲ ምድብ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር፣ ኦሊቪዬ ዣክ የገዛ ቡድን ባልደረባውን ሺንያ ናካኖን በ0.014 ሰከንድ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ! በዋናው ምድብ በሞቶ ጂፒ የቡድኑን የመጀመሪያ ድል ሚጌል ኦሊቬራ ያመጣው በ2020 ኦስትሪያ ላይ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ነው።

ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በል። የውድድር ዘመኑ መስከረምን ስለሚሻገር ሁልጊዜ ስምንት አትቀንስ፤ ብዙ ክርክር በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ። የዣክ ድል በእኛ ጥቅምት 1993 ነው።