ላፕቶፕ ላይ ሲሰራ፣ በቻርጀር ሲሆን ለሚዘባርቅበት ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ታሪክ ነው የመሰለኝ። ሁለቱ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችህ፣ አርዱዪኖ ኡኖው እና ኢኤስፒ32ው፣ ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩ በደንብ ይግባባሉ፣ በየራሳቸው ቻርጀር ሲሆኑ ግን የማይነበብ ምልክት ይመጣል ብለሃል። ኮዱን ለጊዜው ተወው። ግራውንዶቹን (ቦርዱ ላይ ጂኤንዲ የተባለውን፣ የቮልት መነሻ የሆነውን ፒን) በሽቦ አገናኝተሃቸዋል?

እኔ አራት ኪሎ፣ የምንኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ላለው ታንከር የውሃ መጠን መለኪያ እየሰራሁ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ እየወጣ ታንከር ማንኳኳት ሰልችቶታል። ኡኖው ሴንሰሩን ያነባል፣ ኢኤስፒው በዋይፋይ ወደ ስልካችን ይልካል። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጣሪያ ላይ ወስጄ በሁለት የስልክ ቻርጀር ስሰካቸው ግን ዝባዝንኬ ብቻ! ሦስት ቀን ሙሉ ኮድ ስቀያይር ከረምኩ።

ለካ ላፕቶፑ ነው የሸፈነልኝ። ሁለቱም በዩኤስቢ ሲሰኩ ግራውንዳቸው በእሱ በኩል ይገናኛል። ቻርጀሩ ሲለያይ ያ መንገድ ይቋረጣል። ተቀባዩ ቮልቱን የሚለካው ከራሱ ግራውንድ ተነስቶ ነው። የጋራ መነሻ ከሌላቸው የላኪው ምልክት ለእሱ ትርጉም የለውም። ከጂኤንዲ ወደ ጂኤንዲ አንዲት ሽቦ ስጨምር ወዲያው ተስተካከለ።

ቮልቱንም አደራ። ኡኖ በ5 ቮልት፣ ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት ነው የሚሰራው። የኡኖውን ቲኤክስ (መላኪያ ፒን) በቀጥታ ኢኤስፒው አርኤክስ (መቀበያ ፒን) ላይ አትስካ፤ ፒኑን ሊያቃጥለው ይችላል። መሃል ላይ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባ፣ ከአርኤክሱ ወደ ግራውንድ ደግሞ ባለ 2 ኪሎ። 3.3 ገደማ ይደርሰዋል። ባለ 2 ኪሎ ካጣህ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ቀጥል። ከኢኤስፒው ወደ ኡኖው ሲሆን ግን በቀጥታ ይሄዳል፤ ኡኖው 3.3ትን እንደ ሃይ (እንደ 1) ያነበዋል።

ኡኖው ላይ ፒን 0 እና 1 ከዩኤስቢው ጋር የተጋሩ ናቸው። ኮድ ስትጭን ሽቦዎቹን ንቀል፣ ወይም በሶፍትዌር ሲሪያል (ሌሎች ፒኖችን መላኪያና መቀበያ በሚያደርገው ላይብረሪ) ፒን 10 እና 11ን ተጠቀም። 9600 ባውድ (የመላኪያ ፍጥነት) ለእንዲህ ያለ ስራ ይበቃል፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ።

ግራውንዱን አገናኝተህም እንቢ ካለህ አራት ኪሎ ብቅ በል። መልቲሜትሬን ይዤ አብረን እንለካዋለን።