ባሕር ዳር ለደረሰሽ የደሴዋ እህቴ

"ከደሴ ወጥቼ አላውቅም፣ ባሕር ዳር ደረሰኝ። ምን ልያዝ? ሙቀቱስ እንዴት ነው? ካፌ ይሻላል ነን ካፌ? በጣም ፈርቻለሁ" ብለሽ የጻፍሽውን አየሁት። ከሥሩ የተጻፈልሽ በአብዛኛው "እንኳን ደስ አለሽ፣ ከተማዋ ውብ ናት" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ውብ ናት። አሁን የሚያስፈልግሽ ግን ሌላ ነው።

እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ተምሬ ጨርሻለሁ። አብሽሪ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። አንሶላና ብርድ ልብስ ያዢ የሚለውን ጥሪው ላይ ታገኚዋለሽ፣ እሱን ዘልዬዋለሁ።

1ኛ. ወረቀትሽን ደሴ እያለሽ ጨርሺ። ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይህን አንብቢ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፣ ከጉርድ ፎቶ ጋር ትጠየቂያለሽ። ትራንስክሪፕቱን የሚሰጥሽ የተማርሽበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው። እኔን ያንገበገበኝ እዚያ ነው።

ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም። ጥሪው እንደወጣ በማግስቱ ሄድኩ። "ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ" ተባልኩ። ነገም ሄድኩ። "መብራት የለም፣ አይታተምም።" ስመላለስ ከረምኩና በመጨረሻ ሰጡኝ። እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ አየሁት። ማህተሙ ፎቶዬ ላይ አላረፈም። የአያቴ ስምም ከ12ኛ ክፍል ውጤቴ ጋር በአንድ ፊደል ይለያል። አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ሳታየኝ "ይሄ ምንም አይልም፣ ሂጂ" አለችኝ። "ይስተካከልልኝ" ብዬ ቆምኩ። "ተማሪ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?" ብላ መስኮቱን ላዬ ላይ ዘጋችው። መግቢያዬ ደርሶ ነበር፣ ይዤው ወጣሁ።

ምዝገባ ላይ ሰውየው ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለቱን ስሞች ነካ ነካ አደረገና "ይህን አስተካክለሽ አምጪ" አለኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ሥራውን ነው የሠራው። እኔ ግን እግሬ ከዳኝ። በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር፣ በወረታ ዞሮ የሚመጣውን መንገድ ገና መጨረሴ ነው። መንገዱ ደግሞ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ደሴ ገብቼ መመለሻ ባጣስ?

ወንድሜን ላኩት። "ባለቤቷ ትምጣ" ብለው መለሱት። ባሕር ዳር ናት ሲላቸው "ታዲያ እኛ ምን እናድርጋት" አሉት። ትምህርት ተጀምሯል። ሌሎቹ ክፍል ሲገቡ እኔ ስልክ ይዤ ግቢ ውስጥ እዞራለሁ።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። እናቴ ማንበብ አትችልም። ግን ጠዋት ሳይከፍቱ ሄዳ አግዳሚው ላይ መስኮቱን ፊት ለፊት ይዛ ተቀመጠች። "ልጄ እዚህ ነው የተማረችው። ያበላሸው የእናንተ እጅ ነው። እስኪስተካከል አልነሳም" አለቻቸው። ለምሳ ሲወጡ አልተነሳችም። ሲመለሱም እዚያው አገኟት። ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ሲያልፍ አይቷት ምን ሆነሽ ነው አላት፣ ነገረችው። ወዲያው ተሠራ! ያን ሁሉ ቀን ያንከራተቱኝ ሻይ እስኪቀዳ ለሚያልቅ ሥራ ነው። እናቴ ግን እሱንም አላመነቻቸውም። ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፉን በጣቷ እየጠቆመች ካረጋገጠች በኋላ ነው የወጣችው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው እጅ ላከችልኝ። ያንን መስኮት ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በእናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ስለዚህ ስምሽን፣ የአባትሽን፣ የአያትሽን ሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አስተያዪው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ማህተሙን እዪ። መስኮት ላይ እንቢ ካሉሽ እዚያ አትለማመጪ፣ ቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቢ። ሳትሄጂ ደግሞ ለአባትሽ ወይም ለእናትሽ ውክልና ሰጥተሽ ውጪ። "ባለቤቷ ትምጣ" የሚለውን አፍ የሚዘጋው እሱ ነው።

2ኛ. ሙቀቱ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ። የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ሰው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይቸገራል። ያን ወፍራም ጃኬት ተይውና በቦታው አጎበር ያዢ። ደሴ ወባን አናውቃትም፣ ባሕር ዳር ግን አለች። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበረታለች። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዝሽ ጉንፋን ነው ብለሽ እንዳትተኚ፣ ዕለቱን ተመርመሪ። የዶርሜ ልጅ "ያልፋል" ብላ ስትተኛ ሌሊት ተሸክመናት ነው የሄድነው።

ጣና ዳር ቁጭ በይ፣ ይገባሻል። ማታ ማታ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ናፍቆት ሲበረታብኝ የምሄደው እዚያ ነበር። ውሃው ውስጥ ግን እንዳትገቢ። ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ሌሎች ሲዋኙ አይተሽ አትሸወጂ።

3ኛ. የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ሁኚ፣ ማለትም ግቢው ውስጥ ብዪ። ነን ካፌ፣ የምግቡን ብር ተቀብሎ ውጭ መብላቱ፣ ነፃነት ይመስላል። ግን ከተማውን ሳታውቂ፣ የቱ ምግብ ቤት እንደሚረክስ ሳትለዪ ብሩ ከወሩ ቀድሞ ያልቅብሻል። ካፌው ሽሮና ምስር ይደጋገማል፣ እውነት ነው። ለእሱ በሶና ቆሎ ከቤት ያዢ። የእኔ በሶ ለዶርሙ ሁሉ ነበር የሚበጠበጠው። የሎከር ጓጉንቸርም ጠንካራውን ግዢ፣ ለቀላሉ አትሳሺ።

በእሱ በሶ ነው ከልጆቹ ጋር የተግባባሁት። አንዷ ከጎንደር፣ አንዷ ከአርባ ምንጭ፣ አንዷ ከነቀምት ነበሩ። መጀመሪያ ሁላችንም ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እናለቅሳለን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር። የአርባ ምንጯ ልጅ በወረቀቱ ጉዳይ ክፍል ሳልገባ የቀረሁበትን ሁሉ ኖት ጠብቃ ሰጠችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ሎጂክን ከመጀመሪያው አስረዳችኝ። እስከ ዛሬ እንደ እህቴ ናት። አንቺም ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን ቅረቢያቸው። ቤት ደውለሽ ማልቀስ ነውር የለውም። ግን ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ልመለስ አትበይ፣ መንገዱም አይፈቅድልሽም።

የፍሬሽማን፣ የመጀመሪያው ዓመት፣ ውጤት ዋዛ እንዳይመስልሽ። የፍሬሽማን ዓመት ከ2012 ጀምሮ ተመልሷል፣ ዲፓርትመንት ስትመርጪ ነጥብሽ ይታያል። ሲኒየሮች "ፍሬሽ ላይ ዘና በሉ፣ ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂ ሲቃረብ ይነበባል" ይሉሻል። እነሱ ዲፓርትመንታቸውን ይዘዋል፣ አንቺ ገና ነሽ። እኔ ያን ሁሉ ክፍል አጥቼ ላይብረሪ እስኪዘጋ እየቆየሁ አነበብኩ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬም ደረሰኝ። ያቺ የመስኮቷ ሴትዮ ብታየኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ስትመጪ ባጃጅ ውስጥ ገብተሽ "ዩኒቨርሲቲ" ብቻ አትበይ፣ የቱ ይልሻል። ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ሰላም፣ ዘንዘልማ፣ ሁሉም የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ናቸው፣ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። ፖሊ ከ1955 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ከፔዳ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ነው። ሰው አሁንም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። አንቺ በወረታ ስለምትመጪ ዘንዘልማን የምታገኚው አባይን ሳትሻገሪ ነው። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ካለፍሽ ከተማ ገብተሻል ማለት ነው። ዋጋውን ሳትስማሚ ባጃጅ ላይ አትውጪ፣ ሻንጣ ያየ ሁሉ ይጨምርብሻል።

ግቢሽ ሲታወቅ እዚሁ ጻፊልኝ። ዘንዘልማ ከሆነ እዚያ የተማረች የኮምቦልቻ ልጅ ጓደኛ አለችኝ፣ አገናኝሻለሁ።