ለ15 ዓመት ልጅሽ ስለጠየቅሽው፦ የመጀመሪያውን ክፍል አይተሽ ብቻ አትፍቀጂ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ15 ዓመት ልጅሽ፣ ሚስቱን የገደሉበትን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነ ስለሚገድል መርማሪ ፖሊስ የተሠራ ተከታታይ ፊልም ልይ ብሎ ለምኖሻል። የመጀመሪያውን ክፍል አብረሽው አይተሽ ስድብም እርቃንም አላገኘሽበትም። ክርስቲያን ቤተሰብ ነን፣ ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው ነው ያልሽው። አንዳንዱ "ከልክዪው"፣ አንዳንዱ "ዘመኑ ነው፣ ተዪው" ብሎ በአንድ መስመር መልሶልሻል። እኔ ግን "የመጀመሪያውን ክፍል አይቼ" የሚለው ጋ ስደርስ ደንግጬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

1. የዕድሜ ደረጃውን አንብቢ፤ ግን የሚለካው ምን እንደሆነ እወቂ። በአሜሪካኖቹ አሠራር ቲቪ-14 የሚለው ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብዙ ወላጆች የማይወዱት ነገር አለበት ማለት ነው። ቲቪ-ኤምኤ ለአዋቂ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከ17 በታች ላለ ልጅ ላይስማማ ይችላል። ከጎኑ ያሉትን ነጠላ ፊደላት ሰው አያያቸውም፣ አንቺ ግን እያቸው፦ ቪ ጥቃት ነው፣ ኤስ ወሲባዊ ትዕይንት፣ ኤል ጸያፍ ቃል፣ ዲ ወሲብ ቀመስ ንግግር። ለሲኒማ ፊልሞች ደግሞ ፒጂ-13 አለ፣ ከ13 በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ነገር ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው፤ አር አለ። አር ከሆነ ከ17 በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አይገባም። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩሽ መጠን ነው፤ ምን ያህል ደም፣ ስንት ስድብ። ታሪኩ ልጅሽን ከማን ጎን እንደሚያሰልፈው ግን አይነግሩሽም።

ይህ ጥያቄ ድሮ ይጠየቅ እንደነበር ሳውቅ ገርሞኛል። ከ1934 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሚገዙበት ደንብ ነበር፤ ካረቀቁት አንዱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። የተመልካች ርኅራኄ ወደ ወንጀሉ ወይም ወደ ኃጢአቱ ጎን እንዳያዘነብል ደንቡ ያዝዝ ነበር። ደንቡ ራሱ ነውር ነበረበት። በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር እንዳይታይ ይከለክል ነበርና ይመለስ አልልም። ነገር ግን በ1968 የዕድሜ ፊደላት ሲተኩት "ልባችን ለማን እያዘነ ነው?" የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ቢሮ አልቀረም። የቀረው ወላጅ ነው።

2. ከሁሉ የከፋው የትኛው ክፍል እንደሆነ ፈልጊና እሱን አስቀድመሽ እዪ። የመጀመሪያው ክፍል እንግዳ መጋበዣ ነው፤ ጨዋ ሆኖ ነው የሚሠራው። ለወላጆች ተብለው የተጻፉ ዝርዝር ማብራሪያዎች አሉ፤ የትኛው ክፍል ላይ ምን እንደሚታይ ይናገራሉ። የታሪኩ መጨረሻ ይበላሽብኛል ብለሽ አትሽሺ። ፊልሙ ለአንቺ መዝናኛ አይደለም።

ይህን እኔ አላደረግኩትም። የመጀመሪያ ልጄ ያኔ 14 ዓመቷ ነው። ፊልሙ የጠፉ ልጃገረዶችን ስለምትፈልግ መርማሪ ነበር። ሁለት ክፍል አብሬያት አየሁ። መርማሪዋ አንገቷ ላይ መስቀል አለ። በሁለተኛው ክፍል ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሻማ አብርታ ታለቅሳለች። ያ መስቀል አታለለኝ። "ይህስ ጥሩ ነው፣ እምነትም አለበት" ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ፓስወርዱን ለልጄ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ሰባተኛው ክፍል ላይ አንዷ ልጅ ስትደፈር ያሳያል። የሚያሳየው በእሷ ዓይን አይደለም፣ በደፋሪው ዓይን ነው። ካሜራው ከሱ ኋላ ሆኖ ይከተላታል፣ አብሮት ይጠብቃታል፣ ፊቷ ላይ ያለውን ፍርሃት እሱ እንደሚያየው እያደረገ ለረጅም ደቂቃዎች ያሳይሻል። እርቃን የለም። አንድ ስድብ የለም። እኔ በያዝኳቸው ሁለት መለኪያዎች ቢመዘን ያልፋል።

ልጄ ይህን ያየችው ሌሊት ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ብቻዋን ነው። ከዚያ በኋላ መብራት አጥፍታ መተኛት አቃታት። በ14 ዓመቷ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እናቷን ትቀሰቅስ ጀመር። እኛ የፈተና ጭንቀት መሰለን። ጸለይንላት። ትምህርቷ ወረደ። ጠየቅናት፣ "ምንም" ትላለች።

ምክር ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት ቢሮ ሄድኩ። ያኔ ነገሩን አላውቀውም። "ልጄ ፈርታለች፣ የወንጀል ፊልም ታያለች፣ ምናልባት እሱ ይሆን?" ብዬ ነው የጠየቅኩት። ኃላፊው ከወንበሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሌሎች ሰዎች ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ "የዳነ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያምረውም፤ ቤታችሁን መርምሩ" አለኝ። የትኛው ፊልም እንደሆነ አልጠየቀኝም። ስንት ዓመቷ ነው አላለም። ስሟን አልጠየቀኝም። አፍሬ ወጣሁ። ይህን የምነግርሽ አገልጋይ ለመንቀፍ አይደለም። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ቢያነብ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አባት ቢያንስ እንዲያስቀምጠው ብዬ ነው።

እኔ ግን የባሰ አደረግኩ። ያንን ቃል ቤት ወስጄ እሷው ላይ ደገምኩት።

እውነቱን ለእናቷ የነገረቻት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ለምን እንዳልነገረችን ስትጠየቅ የመለሰችውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አልረሳሁትም። "አባዬ ራሱ አይቶ ነው የፈቀደልኝ። መጥፎ ነው ብዬ ብነግረው ሁለተኛ ምንም አይፈቅድልኝም። ደግሞ የዳነ ልጅ አያምረውም ሲለኝ መጥፎዋ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።"

አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ወደ ባለሙያ አማካሪም ወሰድናት፤ ጸሎቱንም አልተውንም። ወራት ፈጅቷል። ዛሬ 19 ዓመቷ ነው፣ ደህና ናት፣ ይህን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች።

3. ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት "የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ካየህ በየትኛውም ሰዓት መጥተህ ንገረኝ፤ ስለነገርከኝ ምንም አልከለክልህም" በዪው። ቃልሽንም ጠብቂ። እኛ ቤት ይህ ሕግ የወጣው ከአምስቱ ወር በኋላ ነው። በፊት ቢሆን ኖሮ ልጄ በማግስቱ ትነግረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄጄ የወንጀል ታሪክ የሚባልን ሁሉ ለአንድ ዓመት ዘግቼ ነበር። ወንዱ ልጄ ጓደኛው ቤት ሄዶ አየ። ከእኔ ጋር ቢያይ የሚጠይቀውን ከማንም ጋር ሳይነጋገርበት ቀረ። ስለዚህ "ዝም ብለሽ ከልክዪ" የሚሉሽን ስሚያቸው፣ ግን የቤታቸውን ውጤት ጠይቂያቸው።

ፊልጵስዩስ 4፥8ን የጠቀሱልሽ አሉ። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩ የሚጀምረው "እውነተኛ የሆነውን ነገር ሁሉ" ብሎ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ወንጀልን አይደብቅም። አክዓብና ኤልዛቤል ናቡቴን በሐሰት ምስክር አስወግረው የወይን እርሻውን ወሰዱበት። ዳዊት ኦርዮን ሰልፍ ፊት አስቁሞ አስገደለው። ባለቤቴ ከልጅነቷ የምታውቀውን፣ ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት የከሰሷትን የሶስናን ታሪክ ለልጆቻችን ስትነግራቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሰሙት። ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ "ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ሲል፣ ልጄ "ያዛቸው!" ብሎ ጮኸ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ምኞት አለ፣ ሐሰት አለ፣ የሞት ፍርድ አለ። የምንጨነቀው ግን ለሶስና ነው።

እኔ የምይዘው መለኪያ የመጣው ከዚህ ነው። ቃየን አቤልን ሲገድል ስለ አገዳደሉ የተጻፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው "ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?" የሚል ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር የሞተውን በስሙ ጠራው። ማቴዎስም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የጌታን የዘር ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህ ብሎ አላለፈም፤ "ከኦርዮ ሚስት" ብሎ የተገደለውን ሰው ስም አስገባ። ንጉሥ ቢሆንም የዳዊት ክብር የኦርዮን ስም አላጠፋውም።

ስለዚህ አሁን ወንዱ ልጄ፣ 16 ዓመቱ ነው፣ አንድ ነገር አይቶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ የሞቱት ሰዎች ስም ማን ነው? በመጀመሪያ ጊዜ አንዱንም አላወቀም። የገዳዩን የጫማ ዓይነት፣ የሚያዳምጠውን ሙዚቃ፣ ከመግደሉ በፊት የሚናገራትን ቃል ግን ሳይሳሳት ነገረኝ። እኔ ምንም አላልኩም፤ እሱ ራሱ ዝም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ "አባዬ፣ ሰዎቹን የፈጠሯቸው እንዲሞቱ ብቻ ነው" አለኝ። እህቴ፣ የትኛውም ስብከት ያንን አያስተምረውም ነበር። ባለፈው ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው ሲያዩ አንድ ትዕይንት ላይ ተነስቶ ወጥቶ ደወለልኝና "ና ውሰደኝ" አለኝ። እየነዳሁ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

አሁን ወደ አንቺው ፊልም ልምጣ። የበቀል ታሪክ ስለሆነ ከደሙ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ናታን ለዳዊት የነገረውም የወንጀል ታሪክ ነው፤ ሀብታሙ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ተቆጥቶ ሞት ፈረደ። ናታንም "ያ ሰው አንተ ነህ" አለው። ቁጣው ወደ ራሱ ተመለሰለት። የበቀል ፊልም ግን ቁጣሽን ያስነሳና ሰው በመግደል ያረካልሻል። ልጅሽ ስድስተኛው ሰው ሲገደል "ይበለው!" ካለ፣ ሮሜ 12፥19 ላይ "በቀል የእኔ ነው" የሚለውን በእሑድ እየሰማ በሰኞ ሌላ ነገር እየተማረ ነው። ደግሞ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ መርማሪው ራሱ የሚያሳድዳቸውን ሰዎች እየመሰለ እንደሚሄድ፣ ቤቱ እንደሚፈርስ፣ ልጁ እንደምትፈራው በግልጽ ያሳያሉ። ያንን የምታውቂው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በዚህ ሳምንት አትፍቀጂም አትከልክዪም። "እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ፣ እኔም ላየው ነው" በዪው፤ ልጅ ይህን ያከብራል። መጀመሪያ የከፋውን ክፍል፣ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለብቻሽ እዪ። የሴት ልጅ ስቃይ እንደ ማስዋቢያ ከገባበት፣ ወይም መጨረሻው ላይ ገዳዩ በሙዚቃ ታጅቦ በኩራት የሚሄድ ከሆነ፣ እምቢ በዪውና ምክንያቱን ከነትዕይንቱ ንገሪው፤ "ክርስቲያን ስለሆንን" ብለሽ ብቻ አትዝጊው። ካልሆነ አብራችሁ እዩ፣ በቀን፣ በሳሎን፣ በአንዴ ከሁለት ክፍል ሳይበልጥ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ በስልክ አይሁን፤ በዚህ ላይ አትደራደሪ።

የሟቾቹን ስም ጠይቂው። የመለሰልሽን ጻፊልኝ፤ ልጄም ማወቅ ትፈልጋለች።