መልስ፦ ሙጫ ላይ የተያዘ ፓላዲየም ለምን ይደክማል?

«ፖሊስታይሪን ሙጫ ላይ የተያዘው ፓላዲየም መጀመሪያ ጥሩ ይሠራል፤ በሦስተኛው ዙር ግን ይደክማል» ላልከው በጎንደር ማራኪ ያለኸው ወንድሜ፦ እኔም እዚሁ ጎንደር በዚሁ ነገር አንድ ክረምት ሙሉ ተንገብግቤያለሁ። ፓላዲየም ምላሽን የሚያፋጥን ብረት ነው፤ ሙጫው ደግሞ እሱን የሚይዙ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የፓላዲየሙ መሸሽ ነው። በሱዙኪ ምላሽ (ሁለት የካርቦን ውህዶችን በሚያገጣጥመው) ላይ በከፊል ከሙጫው ፍሬዎች ለቅቆ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ አንዳንዴም ሥራውን የሚሠራው ይኸው የሸሸው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ምላሹ ግማሽ ሲደርስ፣ ሳይበርድ፣ ፍሬዎቹን አጣርተህ አውጣና ፈሳሹን ብቻውን ማሞቅህን ቀጥል። ምርቱ እየጨመረ ከሄደ ፓላዲየሙ ወጥቷል። ከበረደ በኋላ ብታጣራ ግን የወጣው ተመልሶ ፍሬው ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ያታልልሃል፤ እኔን አታልሎኛል።

ማሟሚያህን አልጠቀስክም። ፖሊስታይሪን በቶሉዊን ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ያብጣል፤ በውሃ ወይም በሜታኖል ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው ፓላዲየምም አይደረስበትም። ውሃ የግድ ከሆነብህ ውሃ ወዳዱ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተቀጠለበትን ሙጫ ፈልግ።

ደግሞ በማግኔት ማማሰያ አትፍጨው፤ ዕቃውን ቀስ ብለህ ነቅንቅ። ፍሬው ከደቀቀ ማጣሪያውን ይደፍናል።