ኢንተርቪው ላይ «የታካሚውን ፍላጎት እንዴት ታውቂያለሽ?» ቢሉኝስ?

«ሜሪላንድ ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ስሠራ ቆይቼ ዘንድሮ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ አልፌ ነርስ ሆንኩ። ብዙ ሕመም የተደራረበባቸውን አዛውንቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚከታተል ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶኛል። ታካሚው ራሱ ከሕክምናው የሚፈልገውን እንዴት እንደማውቅ ይጠይቁኛል አሉ። እኔ ያለኝ ልምድ ማጠብና ማልበስ ነው፤ ምን ልበል?»

እህቴ፣ ማጠብና ማልበሱን አታቃልይው። ሐኪሙ አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ሲያያቸው አንቺ ጠዋት ጠዋት አብረሻቸው ነበርሽ። ሰው የሚፈራውንና የሚመኘውን የሚያወጣው ካልሲ ሲያጠልቁለት እንጂ ፎርም ሲሞሉለት አይደለም።

ስለዚህ መልስሽን ከሥራሽ ጀምሪ። የልብ ድካም፣ ስኳርና የጉልበት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። እሁድ እሁድ የሚያሸናውን ክኒን አይወስዱም፤ ፋይላቸው ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም» ተብሏል። ቀረብ ብለሽ ስትጠይቂያቸው ግን ክኒኑን ከዋጡ ቅዳሴ መሃል ሽንት ቤት ፍለጋ መውጣት ግድ ይሆንባቸዋል፣ እሱ ደግሞ ያሳፍራቸዋል፣ ስለዚህ ቅዳሴውን መርጠዋል። ይህን ካወቅሽ ሐኪሙ ጋ ትደውይና ክኒኑን እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ትጠይቂያለሽ። በራስሽ ሥልጣን ሰዓት እንደማትቀይሪም ተናገሪ። ምሳሌው የራስሽ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ስምም ሆነ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እንዳይወጣሽ፣ ሂፓ የሚባለው የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ የአሜሪካ ሕግ አለ።

ግባቸውን ፋይሉ ላይ ስትጽፊ «ጤናቸው እንዲሻሻል» ማለት ለማንም አይጠቅምም። «እሁድ ሄደው ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆየት» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ፊዚዮቴራፒውም፣ ዎከሩም (የመራመጃ ድጋፉም)፣ የክኒኑ ሰዓትም ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

አጠያየቁ ላይ ጊዜ ውሰጂ። የእኛን ሰው «ግብዎ ምንድን ነው?» ብትዪው «እግዜር ያውቃል» ወይም «ሐኪሙ ያለኝን» ብሎ ይዘጋዋል። «ደህና ዋልኩ የሚሉት ምን ሲያደርጉ ሲውሉ ነው?» በያቸው። «ከዚህ ሁሉ መድኃኒትና ቀጠሮ የትኛው ነው የሰለቸዎት?» «ከሁሉ በላይ ምን እንዳይደርስብዎት ይፈራሉ?» ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ።

ልጆች «እሷን አታስጨንቂያት፣ እኛን ጠይቂ» ይላሉ፤ በፍቅር ነው፣ አትጋጪያቸው። «እማማ፣ ልጆችዎ ባሉበት እናውራ ወይስ ለብቻችን?» ብለሽ ምርጫውን ለእሳቸው ስጪ። ቋንቋቸውን ካልቻልሽ የሠለጠነ አስተርጓሚ ጥሪ እንጂ ልጅን አታስተርጉሚ፤ እናት በልጇ አፍ ስለ ሞቷ አታወራም።

ስለ ፎር ኤምስም አንብበሽ ግቢ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጆን ሃርትፎርድ ፋውንዴሽንና የሕክምና ጥራት ላይ የሚሠራው ተቋም አይኤችአይ የጀመሩት ለአዛውንቶች የሚመች ሕክምና መርሐ ግብር የቆመበት ነው። አራቱ ጉዳዮች ለታካሚው ዋና የሆነው ነገር፣ መድኃኒት፣ አእምሮና እንቅስቃሴ ናቸው፤ አንቺን የሚጠይቁሽ ስለ መጀመሪያው ነው።

በተራሽ ጠይቂያቸው። አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ይይዛል? ለመጀመሪያው ጉብኝት ስንት ሰዓት ይሰጣል? ታካሚው የሚፈልገው ነገር ፋይሉ ላይ የት ይጻፋል፣ ሐኪሙስ ያየዋል? መልሳቸው ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታም አመልክቺ።