ወንድሜ፣ ዓይንህን አትስበር

ከአገር ከወጣህ ብዙም ካልቆየህና እንደ እኔ ወንድ የምትወድ ወንድ ከሆንክ፣ ይህን የምጽፈው ላንተ ነው። እኛ በመካከላችን «ዜጋ» እንባባላለን፤ ሌላው «ጌይ» ይለናል፤ አንተ በፈለግከው ተጠራ። ስለ ወረቀት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚመክርህ ሰው አታጣም። ስለ ደስታ የሚያወራህ ግን እምብዛም አታገኝም። ስለዚህ እኔ ስለ ስፖርት ላውራህ፤ ስፖርትን ለዓይን ግብዣ ስለሚያደርጉት ቆንጆ ወንዶችም።

ልጅ ሳለሁ ኳስ ስናይ ሁሉም ሰው ኳሷን ሲከተል እኔ የግራ ተከላካዩን ባት እከተል ነበር። ካልሲው ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወርዶ ሲሮጥ ዓይኔ አብሮት ይሮጣል፤ ከዚያ ሰው አየኝ ብዬ ደንግጬ ወደ መሬት አያለሁ። ጎል ሲገባ ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ጩኸቱ መሸሸጊያዬ ነበር። ያንን ልማድ ይዤው ተሰደድኩ። ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ በሩ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዬን ቴሌቪዥን እያየሁ እንኳ መልከ መልካም ሰው ብቅ ሲል ዓይኔን እሰብር ነበር። ከማን ነው የምደበቀው ብዬ ራሴን የጠየቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንተ ያን ያህል እንዳትዘገይ ብዬ ነው የምመክርህ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው ግን የውሃ ዝላይ ነው። አይተህ የማታውቅ ከሆነ በሚቀጥለው ኦሎምፒክ የ10 ሜትሩ ውድድር እንዳያመልጥህ። ዘላዩ ደረጃውን ወጥቶ ከመድረኩ ጫፍ ይደርሳል። ጀርባውን ለውሃው ይሰጥና በእግሩ ጣቶች ብቻ ይቆማል፤ ተረከዙ አየር ላይ ነው። ካሜራው ሲጠጋ የባቱ ጡንቻ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚያ ጸጥ ሲል ታያለህ። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ የለም። ሁለት ሰኮንድ በማይሞላ ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ተገልብጦ፣ ተዘርግቶ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ውሃው ውስጥ ይገባል። የተዋጣለት ከሆነ ውሃው እንኳ እምብዛም አይረጭም።

ሁልጊዜ በእጁ የምትታየውን ትንሽ ፎጣም ልብ በላት። ከገንዳው ወጥቶ ሻወር ሥር ይቆማል፣ ከዚያ በዚያች ፎጣ ጭኑን፣ ባቱን፣ ክንዱን ይጠራርጋል። እኔ መጀመሪያ ለታይታ መስሎኝ ነበር። ሙቁ ውሃ ግን ጡንቻው እንዳይቀዘቅዝ ነው። ፎጣዋ ደግሞ እግሩ ከረጠበ አየር ላይ ሲጠቀለል እጁ ስለሚያንሸራትተው ነው፤ በዚያ ፍጥነት እጅ ካመለጠ ውሃው እንደ ግድግዳ ይመታል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሲጠራርግ የማየው ሰው ይበልጥ ቆንጆ ሆኖብኛል። ውበቱ ከጥንቃቄው ጋር አብሮ ይታየኛል።

ዋናው ምክሬም እዚህ ላይ ነው፤ ጨዋታውን ተማር። መልክ ለማየት ብቻ የተቀመጠ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ጨዋታውን ያወቀ ሰው ግን የሚያየው ሰውነት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያውቃል። የዋናተኛው ትከሻ የሰፋው በየቀኑ ውሃውን ሲጎትት ስለሚውል ነው። የብስክሌተኛው ጭን ከተቀረው ሰውነቱ የተለየ እስኪመስል የሚወፍረው ዳገቱ ስለሠራው ነው። የጂምናስቲክ ሰው ቀለበቶቹን ይዞ እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ ሲቆም ትከሻው ላይ የምታየው መንቀጥቀጥ የስንት ዓመት ሥራ ነው። ራግቢ ላይ ኳሷ ከመስመር ውጭ ስትመለስ ሁለት ሰዎች አንዱን ጭኑን ይዘው ወደ ሰማይ ያነሱታል፤ ጭኑ ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር ለቁስል ሳይሆን እጃቸው እንዲይዝለት ነው። እኔ ራግቢን የወደድኩት ለዚያች ቅጽበት ስል ነው፤ አሁን ግን ሕጉን ከብዙ ሰው በተሻለ አውቀዋለሁ።

ሕጎችን ካነሳን፣ አንዳንዶቹ ለእኛ የተጻፉ ይመስላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በእኛ ላይ። እግር ኳስ ተጫዋች ጎል አግብቶ ማሊያውን ካወለቀ ቢጫ ካርድ ያያል፤ እኔ ይህን ሕግ እስካሁን አልተቀበልኩትም። ዋና ላይ ግን ፈረዱልን። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮም በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዋናተኞቹ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ልብስ ለብሰው 43 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ልብሱ ሰውን ከመጠን በላይ እያገዘ ነው ተብሎ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ታገደ። ከዚያ ወዲህ የወንዱ የዋና ልብስ ከእምብርት በላይ፣ ከጉልበት በታች ማለፍ አይችልም። ለስፖርቱ ፍትሕ ሲባል የተወሰነ ነው፤ ደስታው ግን ለሁላችንም ደረሰ።

ይህ ማየት አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። የጥንት ግሪኮች ራቁታቸውን፣ ገላቸውን ዘይት ተቀብተው ይለማመዱ ነበር፤ «ጂምናዚየም» የሚለው ቃል ራሱ ራቁት ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው። ዲስከስ ወርዋሪውን በሐውልት የቀረጹት፣ ሐውልቱን ለማየት የሚሰበሰበውም ሰው፣ የወንድ ጀርባ ሲጠመዘዝ እንደሚያምር ያውቁ ነበር። አንተ የጀመርከው ነገር የለም፤ የምታፍርበትም የለም።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ቶም ዴሊ የሚባለው እንግሊዛዊ የውሃ ዘላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ አንድ ወንድ እንደሚወድ ለዓለም ተናገረ። ከዝላይ አጋሩ ከማቲ ሊ ጋር ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘው በ2021 ነው። ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ የሌሎችን ውድድር ለማየት ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ክር በመርፌ ሲሠራ ታየ። ያን ትከሻ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሹራብ! ልቤ ቀለጠ። አውስትራሊያዊው ማቲው ሚቻም ደግሞ ቤጂንግ 2008 ላይ ጌይ መሆኑ እየታወቀ ተወዳደረ። ከስምንቱ የውሃ ዝላይ ወርቆች ሰባቱን ቻይና ስትወስድ ስምንተኛውን እሱ በመጨረሻ ዝላዩ ነጠቀ፤ ለዚያች አንድ ዝላይ 112.10 ነጥብ ተሰጠው። ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፤ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን አትረሳውም።

ከእነሱ በፊት የነበሩት ግን ዋጋ ከፍለዋል። አሜሪካዊው የውሃ ዘላይ ግሬግ ሉጌኒስ ሴኡል 1988 ላይ ጭንቅላቱ ከመዝለያው ጣውላ ጋር ተጋጭቶ፣ ቁስሉ ተሰፍቶለት ተመልሶ ሁለት ወርቅ ወሰደ። በዚያን ጊዜ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ለሕዝብ የተናገረው ግን በ1995 ነው። የቅርጫት ኳሱ ጄሰን ኮሊንስ በሚያዝያ 2013 ጌይ መሆኑን ሲገልጥ ቀድሞም ማሊያው ላይ 98 ቁጥር ይለብስ ነበር። ጌይ በመሆኑ በ1998 ለተገደለው ተማሪ ለማቲው ሼፐርድ መታሰቢያ ነበር። አስበው፣ ስንት ሺህ ሰው ቁጥሩን እያየ ትርጉሙን አላየም። እኔ ጎል ሲገባ እጮህ የነበረውን ጩኸት አስታወሰኝ።

ማየት ብቻ ሳይሆን መሮጥም፣ መጫወትም አለብህ። ስደት ላይ ሰው የሚጎድለን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የስፖርት ክበብ ሰዓት ነው። «ፍሮንት ራነርስ» የሚባለው እንደ እኛ ያሉ ሰዎች የሩጫ ክበብ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1974 ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር ከተሞች አለ። ለንደን ውስጥም እንዲሁ ለእኛ የተቋቋሙት ስቶንዎል የእግር ኳስ ክለብ ከ1991፣ ኪንግስ ክሮስ ስቲለርስ የራግቢ ክለብ ከ1995 ጀምሮ አሉ። ለመጀመሪያ ቀን ስትሄድ ሆድህን ባር ባር ይልሃል፤ ሂድ። የአገር ልጅ ላታገኝ ትችላለህ፤ በቋንቋ ላትግባባም ትችላለህ። ግን ኳስ ሲቀበሉህና ሲያቀብሉህ ቋንቋ ብዙ አያስፈልግም። ገና ከበሩ ደግሞ «ፎቶዬ የትም እንዳይለጠፍ» በላቸው። እንዲህ ያሉ ክበቦች ጥያቄውን ለምደውታል፤ ማንም ለምን አይልህም። ቤተሰብህ መቼና እንዴት እንደሚያውቅ የምትወስነው አንተ ነህ እንጂ የሌላ ሰው ስልክ አይደለም።

ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት የሜክሲኮ 1968 ኦሎምፒክ ላይ አሥር የአትሌቲክስ ውድድሮች በሚደመሩበት በዴካትሎን ስድስተኛ የወጣ ቶም ዋዴል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «ጌይ ጌምስ» የተባለውን ውድድር ከጓደኞቹ ጋር ጀመረ። በስሙ ላይ «ኦሎምፒክ» የሚል ቃል እንዳይጠቀሙ በፍርድ ቤት ታገዱ፤ ውድድሩ ግን አልቀረም። ጎበዝ ብቻ ሳይሆን መሳተፍ የፈለገ ሁሉ ይገባበታል። የማሞን ሩጫ እየሰማን ያደግን ልጆች በዚያው ኦሎምፒክ እንደ እኛ ያለ ሰው መወዳደሩን ማንም አልነገረንም።

ጥቂት ነገር ደግሞ በቁም ነገር ላስጠንቅቅህ። መልበሻ ክፍል ሲገባ ዓይን ሥርዓት ይይዛል፤ እዚያ ሰው የሚለብሰው ለራሱ እንጂ ለተመልካች አይደለም። ስልክህ ቦርሳህ ውስጥ ይደር። እገሌ የሚባለው ተጫዋች ጌይ ነው እያልክ ወሬ አትንዛ፤ አንተ ስትደበቅ የነበረውን ጊዜ አስበውና ለእሱም ጊዜ ስጠው። የተጫዋች ገጽ ላይ ስለ ሰውነቱ ነውር አትጻፍ፤ ያነበዋል፣ እናቱም ታነበዋለች። ማድነቅ ሌላ፣ ማዋረድ ሌላ ነው።

ራስህን ከእነሱ ጋር በመስታወት አታመዛዝን። በዚህ በጣም ተጎድቻለሁ። አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን አውልቄ ስንት እንደሚቀረኝ እቆጥር ነበር፤ የምበላውን እየቀነስኩ ሩጫው ራሱ አስጠላኝ። እነዚያ ሰዎች ሥራቸው ነው፤ አሰልጣኝ፣ ሐኪምና የተመደበ የእረፍት ሰዓት አላቸው። አንተ ሥራ ውለህ የምትሮጥ ሰው ነህ። ጉልበትህ ካላመመህና እንቅልፍህ ከጣመህ ሰውነትህ ሥራውን ሠርቷል።

ዓይን መስበር ግን በአንድ ቀን አይተውም። እኔን የለቀቀኝ አንድ ማታ ነው። ከአገር ልጆች ጋር ተሰብስበን ዋና እናይ ነበር፤ እኔ ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ አንስተነው ግን አናውቅም። ሁሉም ባለትዳሮች ናቸው። የአራተኛው መስመር ዋናተኛ ግድግዳውን ነክቶ ቀና አለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ በሁለት እጁ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ውሃው ከጀርባው እየወረደ ተነሣ። ሳላስበው «እንዴት ያለ ትከሻ ነው!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ጆሮዬ ጋለ። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «እሱማ! ስድስተኛው መስመር ላይ ያለውን ደግሞ እየው» አለኝ።

አየሁት።