ውሻችን ኬሞ ላይ ነው፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ውሻችን ብልቱ ላይ ደም የሚያንጠባጥብ እብጠት ወጣበትና ሐኪም ጋ ስንወስደው በግንኙነት የሚተላለፍ የውሻ ካንሰር ነው ተባልን። በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን የሚባል የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መርፌ ጀምሯል። ባለቤቴ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ የ3 ዓመት ልጅም አለን። ውሻው የሚሸናው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ለሰው እንስጠው ወይ?

መልስ፦ ኧረ አትስጡት! ይሄ ካንሰር ከውሻ ወደ ውሻ እንጂ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አብዛኞቹ ውሾችም በዚሁ መርፌ ይድናሉ። የሚያሰጋችሁ መድኃኒቱ ነው። ቪንክሪስቲን ካንሰሩን የሚያጠፋው ሴሎቹ እንዳይባዙ በማገድ ነው፤ ጽንስ ደግሞ በየሰዓቱ የሚባዙ ሴሎች ነው። መድኃኒቱ በሰገራ፣ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ ከመርፌው በኋላ ያሉትን 3 ቀናት አጥብቃችሁ ያዙ።

በእነዚህ ቀናት ውሻውን ልጁ የማይደርስበት ጓሮ አቆዩት። ሰገራውን ጓንት አድርገህ በፌስታል አንሳ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ደርበህ እሰር። ሲሚንቶ ላይ ከሸና በወረቀት አድርቀህ በሳሙና ውሃ እጠበው፤ ጎማ ከፍተህ በኃይል አትልቀቅበት፣ ይረጫል። የሚተኛበትን ጨርቅ ከቤተሰቡ ልብስ ለይታችሁ ሁለት ጊዜ እጠቡት። መደባበስ ችግር የለውም፣ ፊት እንዲልስ ግን አትፍቀዱለት፤ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ባለቤትህ ከጽዳቱ ሙሉ በሙሉ ትውጣ።

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም፦ ግቢውን የሚጠርገው ማነው? ብዙ ቤት ጠዋት መጥረጊያ የምታነሳው ሠራተኛዋ ናት፣ ውሻው ምን እንደሚወጋ ግን ማንም አይነግራትም። የሸናበትን ጨርቅ በባዶ እጇ ጨምቃ ገመድ ላይ ታሰጣለች። እሷም እኮ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፣ ምናልባት ገና ለማንም ያልተናገረችው። ሠራተኛ ካለቻችሁ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ንገሯት፤ እነዚያን 3 ቀናት ደግሞ ሥራውን አንተ ውሰደው። ለባለቤትህ የፈራኸውን ለእሷም ፍራላት።

መርፌው ነጭ የደም ሴሎችንም ስለሚቀንስ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከደከመ ወይም ካተኮሰው ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ለሐኪሙ ደውል። እብጠቱ ጠፋ ብለህም በራስህ አታቋርጥ፤ የሚቆመው ሐኪሙ አይቶ በቃ ሲል ነው። እስከዚያው በሩን ዝጉበት፣ የሰፈሩን ውሾች እንዳያስይዝ።